የሲቪቲ ካምቢዮ ማስተካከል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሲቪቲ መኪና የያዙ ሰዎች ደጋግመው ከሚጠይቁኝ የመረጥኳቸው፣ ከቀላሉ ወደ ከባዱ።

ሲቪቲ ምንድን ነው? ከለመድነው አውቶማቲክ በምን ይለያል?

የለመድነው አውቶማቲክ ባለ 4፣ ባለ 5 ወይም ባለ 6 ማርሽ ነው። ሲቀያይር ይሰማችኋል። ሲቪቲ ግን እርከን የለውም። ውስጡ ሁለት ፑሌጃዎች (ቺንጊያ የሚዞርባቸው ክብ ብረቶች) አሉ፤ በመካከላቸው በብዙ መቶ ትንንሽ ብረቶች የተሠራ ቺንጊያ ይዞራል። በዘይት ግፊት የፑሌጃዎቹ ጎንና ጎን ሲጠጋና ሲራራቅ ቺንጊያው ከፍና ዝቅ ይላል። መኪናው ከዝቅተኛ ወደ ከፍተኛ ፍጥነት የሚሸጋገረው በዚህ መንገድ ነው፣ ሳይቆራረጥ።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። የሆላንዱ ዳፍ እ.ኤ.አ. በ1958 ይዞት በወጣው ዳፍ 600 መኪና ላይ በላስቲክ ቺንጊያ ሠርቶበታል። ሱባሩ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1987 ጀስቲ በተባለችው መኪና ላይ በብረት ቺንጊያ አመጣው።

አንድ ነገር ግን ከአሁኑ ያዙልኝ። ቺንጊያውና ፑሌጃው ጥርስ ለጥርስ አይነካከሱም። ተጣብቀው የሚሄዱት በዘይት ግፊት ብቻ ነው። ዘይቱ ካነሰ ወይም ካልተስማማው ቺንጊያው ይንሸራተታል፣ ፑሌጃውንም ይቧጭረዋል። አንዴ ከተቧጨረ ማስተካከል የሚባል ነገር የለም። ከዚህ በታች የምታነቡት ሁሉ ከዚህ የሚመነጭ ነው።

የእኔ መኪና ሲቪቲ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

በስሟ ብቻ አትመኑ። ለምሳሌ «ቪትዝ ሁሉ ሲቪቲ ነው» ሲባል እሰማለሁ። ትክክል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው የመጀመሪያው ቪትዝ በብዛት ባለ 4 ማርሽ አውቶማቲክ ወይም ማኑዋል ነው። ሲቪቲ የበዛው ከዚያ በኋላ በመጡት ላይ ነው።

ቶዮታ ከሆነ ኮፈኑ ሥር ወይም በር አካባቢ የተለጠፈችውን የመለያ ሰሌዳ ፈልጉ። የካምቢዮው ኮድ በ«ኬ» ፊደል ከጀመረ (ኬ410፣ ኬ313 እንደሚባሉት) ሲቪቲ ነው። በ«ዩ» ወይም በ«ኤ» ከጀመረ የተለመደው አውቶማቲክ ነው። በ«ፒ» ከጀመረ ደግሞ የሃይብሪድ ነው። ፕሪየስም «ሲቪቲ» ይባላል እንጂ ውስጡ ቺንጊያም ሆነ የሚንሸራተት ፑሌጃ የለውም፤ በጥርስና በሁለት ኤሌክትሪክ ሞተር የሚሠራ ነው። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ፕሪየስን አይመለከትም።

«ሲቪቲ ይስተካከልልኝ» ስል ምኑ ነው የሚስተካከለው?

ከውጭ ሆኖ የሚስተካከለው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ የዘይቱ ዓይነትና መጠን። ሁለተኛ ከማርሽ ማስገቢያው ወደ ካምቢዮው የሚሄደው ገመድ። ሦስተኛ የካምቢዮው ኮምፒውተር የሚያውቃቸው ቁጥሮች፣ ማለትም በስካነር (የመኪናውን ኮምፒውተር በሚያነበው መሣሪያ) የሚሠራው ካሊብሬሽን። አለቀ።

ቺንጊያውን «ጠበቅ እናድርግልህ» የሚላችሁ ካለ አመስግናችሁ መኪናችሁን ይዛችሁ ሂዱ። የሚጠብቅ ብሎን የለውም። ጥብቀቱን በየሰከንዱ የሚወስነው ኮምፒውተሩ ነው፣ በዘይት ግፊት። ካምቢዮው ከመፈታቱ በፊት ሦስቱ ነገሮች መታየታቸውን አረጋግጡ። ብዙ ገንዘብ ያላግባብ የሚወጣው ይህ ቅደም ተከተል ሲዘለል ነው።

ስረግጠው ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናው ግን ቶሎ አይሄድም። ይህ ይስተካከላል?

አብዛኛውን ጊዜ ብልሽት አይደለም። ሲቪቲ ጉልበት ሲጠየቅ የሞተሩን ዙር ከፍ አድርጎ ይይዘውና ፍጥነቱ ከኋላ ይከተላል። ማኑዋል ለለመደ ጆሮ ፍሪሲዮን የተቃጠለ ይመስላል። በዚያ ላይ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከፍታ ላይ ከጉልበቱ ወደ ሩብ የሚጠጋውን ያጣል። ባለ 1.0 ሊትር ሞተር አራት ሰው ጭኖ ወደ እንጦጦ ሲወጣ ቢጮህ አይፈረድበትም።

እውነተኛውን መንሸራተት እንዲህ ለዩት። ሜዳ መንገድ ላይ በ60 ኪ.ሜ. በሰዓት እየሄዳችሁ እግራችሁን አንድ ቦታ ላይ አጽኑት። የዙር መቁጠሪያው ዝም ማለት አለበት። እግራችሁ ሳይንቀሳቀስ መርፌው ብድግ ብሎ ከተመለሰ፣ ወይም ዙሩ ወጥቶ ፍጥነቱ ጭራሽ ካልጨመረ፣ እሱ ችግር ነው። መኪናውን አቁማችሁ ዘይቱን አስለኩ።

ማንኛውም የአውቶማቲክ ዘይት ቢሆንስ?

አይሆንም። በዚህ ድርድር የለም። የተለመደው አውቶማቲክ ዘይት የተሠራው ለሌላ ዓይነት ሥራ ነው። ሲቪቲ ዘይት ደግሞ ብረት ከብረት ጋር ሳይንሸራተት እንዲያያዝ የሚያደርግ ቅመም አለው። ሁለቱም ጣሳ ላይ «አውቶማቲክ» የሚል ጽሑፍ ሊኖር ይችላል። የዘይቱ ቀለምም አይመራችሁም።

ቶዮታ በቆዩት ሲቪቲዎቹ ላይ «ቲሲ» የሚለውን፣ በአዲሶቹ ላይ «ኤፍኢ» የሚለውን ዘይት ያዛል። ኒሳን «ኤንኤስ-2» እና «ኤንኤስ-3» አለው። ሆንዳ በቆዩት ላይ «ኤችኤምኤምኤፍ»፣ በአዲሶቹ ላይ «ኤችሲኤፍ-2» ይላል። ሱዙኪ «ግሪን 1» እና «ግሪን 2» አለው። አንዱ የሌላውን ቦታ ይተካል ብላችሁ አትገምቱ። የመኪናው መጽሐፍ የሚለውን ግዙ። የሌላ ኩባንያ ዘይት ከሆነ ጀርባው ላይ የእናንተን ዘይት ስም በግልጽ መጥቀስ አለበት።

በስህተት ተራ የአውቶማቲክ ዘይት ከተሞላ ረጅም መንገድ አትሂዱበት። አንዴ ማፍሰስ አይበቃም። ማፍሻውን ስትከፍቱ የሚወርደው ከጠቅላላው ግማሽ ያህሉ ብቻ ነው፤ ቀሪው ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር በሚያገናኘው ቶርክ ኮንቨርተርና በማቀዝቀዣው ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ አፍስሶ መሙላት፣ ጥቂት መንዳት፣ እንደገና ማፍሰስ ያስፈልጋል። ሁለት ሦስት ጊዜ። ያስወጣል፣ ግን ከካምቢዮ ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

ዘይቱ በስንት ኪሎ ሜትር ይቀየራል? «እድሜ ልክ ነው» ይሉኛል።

«እድሜ ልክ» የሚለውን አልቀበልም። ሲቪቲ ዘይት የሚያረጀው በሙቀት ነው። የአዲስ አበባ መንገድ ደግሞ ዳገት፣ መጨናነቅ፣ ቁም-ሂድ ነው። በኩባንያዎቹ መጽሐፍ «ከባድ አጠቃቀም» የሚባለው ይኸው የእኛ የዘወትር ነገር ነው። የእኔ ምክር ከ40 እስከ 60 ሺህ ኪ.ሜ. ባለው መካከል መቀየር ነው። መኪናው ከውጭ ያገለገለ ሆኖ የመጣና ታሪኩ የማይታወቅ ከሆነ፣ ቆጣሪውን ሳታምኑ እንደገዛችሁት ቀይሩ።

ሲቀየር አጠገቡ ቁሙ። ኮፓው (ከካምቢዮው ሥር ያለው የዘይት መያዣ) ሲወርድ ውስጡ ማግኔቶች አሉ። ማግኔቱ ላይ ግራጫ ለስላሳ ጭቃ ብታዩ አትደንግጡ፤ የተለመደ ነው። በጣት ሲነካ የሚያሻክር፣ በብርሃን የሚያብለጨልጭ የብረት ስንጣሪ ከሆነ ግን ዘይት በመቀየር የሚድን አይደለም። ፎቶ አንሱት። ኋላ ከሌላ መካኒክ ጋር ስትማከሩ ይጠቅማችኋል።

ኒሳን ያላችሁ ሰዎች ሌላም አላችሁ። ኮምፒውተሩ የዘይቱን እርጅና በቁጥር ይመዘግባል፤ በስካነር ይነበባል። ቁጥሩ 210,000 ከደረሰ ዘይቱ ይቀየር ማለት ነው። ከተቀየረ በኋላ ቁጥሩ ወደ ዜሮ መመለስ አለበት።

የዘይት መለኪያ ዘንግ የለውም። መጠኑ ታዲያ እንዴት ይታወቃል?

ብዙ ስህተት የሚሠራው እዚህ ነው፣ ስለዚህ ረዘም ላድርገው። ዘንግ በሌላቸው ካምቢዮዎች ላይ መጠኑ የሚለካው ትርፉን በማፍሰስ ነው። የብዙ ቶዮታዎችን እንውሰድ። ኮፓው ሥር ያለውን ብሎን ስትፈቱት ከውስጡ አንዲት አጭር ቱቦ ቆማለች። ዘይቱ ከቱቦዋ አፍ በላይ ከሆነ ይፈሳል፣ በታች ከሆነ አይፈስም። ሙሉ ዘይቱን ለማፍሰስ ደግሞ ቱቦዋ ራሷ በባለ 6 ሚሊ ሜትር አለን ቁልፍ ትፈታለች።

ሁለት ስህተት ተደጋግሞ አያለሁ። አንዱ መካኒክ ብሎኑን ብቻ ፈትቶ ጥቂት ዘይት ይወርድና «ባዶ ነው» ብሎ በላይ በላይ ይሞላል። ሲበዛ አረፋ ይሠራል፣ አረፋ ደግሞ ግፊት አይሰጥም። ሌላው ቱቦዋን ያወጣና መመለሷን ይረሳል። ከዚያ በኋላ መጠኑን ልለካ ሲል ያለው ዘይት ሁሉ ይወርዳል። ቱቦዋ ስትገባ በዓይናችሁ እዩ።

አለካኩ እንዲህ ነው። መኪናው አራቱም ጎማ እኩል ከፍ ብሎ ይቆማል፤ በክሪክ ፊቱን ብቻ አንስቶ መለካት ዋጋ የለውም። ሞተሩ ይነሳል። ፍሬን ተይዞ ማርሽ ማስገቢያው ከፒ እስከ መጨረሻው እያንዳንዱ ቦታ ላይ ትንሽ እየቆየ ይሄድና ወደ ፒ ይመለሳል። በስካነር የካምቢዮው ዘይት ሙቀት ይነበባል። በእነዚህ ቶዮታዎች ላይ ከ35 እስከ 45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን፣ ሞተሩ እንደበራ፣ ብሎኑ ይከፈታል። ከፈሰሰ ቀጥኖ ጠብ ጠብ እስኪል ይጠበቅና ይዘጋል። ምንም ካልወረደ ከላይ ተሞልቶ ይደገማል። ዘይት ሲሞቅ ስለሚሰፋ፣ ከረጅም መንገድ መልስ በ80 ዲግሪ የተለካ ከሆነ ከሚገባው በላይ ይፈስና ሲቀዘቅዝ ያንሳል። በመዳፍ «ሞቋል» ብሎ መገመት አይሠራም። የሙቀቱ መጠን ከመኪና መኪና ይለያያል፤ መመሪያውን ተመልከቱ።

ማርሽ ማስገቢያው ዲ ላይ ሆኖ ዳሽቦርዱ ኤን ይላል። ወይም ፒ ላይ ሆኖ አይነሳም።

ይህ ደስ የሚል ችግር ነው፤ ብዙውን ጊዜ ካምቢዮው ጤነኛ ነው። ገመዱ ተስቧል፣ ወይም ጫፉ ላይ ያለችው ፕላስቲክ ተበልታለች። ወይም ካምቢዮው ላይ ያለው የማርሽ ቦታ ስዊች ከቦታው ተንቀሳቅሷል።

ማስተካከያው ይህ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ጎማ ሥር ድንጋይ ገብቶ፣ የእጅ ፍሬን ተይዞ ይሁን። ካምቢዮው ላይ ገመዱን የያዘው ብሎን ይላላል። የካምቢዮው ክንድ ወደ ፒ ጥግ እስከ መጨረሻው ይገፋና ሁለት ቀጭታ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ አንዱ አር፣ ሁለተኛው ኤን ነው። ውስጥ ያለው ማስገቢያም ኤን ላይ ይደረጋል። ከዚያ ብሎኑ ይጠብቃል። በቶዮታ ትንንሽ መኪኖች ላይ የሚሠራው በዚህ መልኩ ነው። ሲያልቅ ፈትኑት፦ ሞተሩ የሚነሳው ፒ እና ኤን ላይ ብቻ፣ የኋላ ነጭ መብራት የሚበራው አር ላይ ብቻ መሆን አለበት። ዲ ላይ የሚነሳ መኪና አደገኛ ነው፤ እስኪስተካከል አታሽከርክሩት።

ቁልቁለት ላይ ኤን ላይ ባደርገው ነዳጅ ይቆጥባል?

አይቆጥብም። በዘመናዊ ሞተር ዲ ላይ ሆናችሁ እግራችሁን ከነዳጅ መስጫው ስታነሱ ወደ ሞተሩ የሚገባው ነዳጅ ይቋረጣል፤ ጎማዎቹ ናቸው ሞተሩን የሚያዞሩት። ኤን ላይ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ ይበላል። በዚያ ላይ መኪናው ሮጦ እያለ ወደ ዲ ስትመልሱት ካምቢዮው ላይ ድንገተኛ ጫና ይወድቃል።

ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ስትወርዱ፣ ወይም ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና፣ ማስገቢያውን ኤል፣ ኤስ ወይም ቢ ላይ አድርጉት፤ መኪናችሁ ያለው የትኛው ይሁን የትኛው። ሞተሩ ይይዛችኋል፣ ፍሬናችሁም አይቃጠልም። ዙሩ ከፍ ብሎ ቢጮህ አይጎዳውም።

ረጅም ዳገት ላይ በድንገት ጉልበቱን ያጣል፣ አርፎ ሲነሳ ደህና ይሆናል። ለምን?

ዘይቱ ስለጋለ ነው። ኮምፒውተሩ ካምቢዮውን ለማዳን የሞተሩን ጉልበት ይቀንሳል። ይህ መከላከያ እንጂ ብልሽት አይደለም፤ የሚነግራችሁን ግን ስሙት። ከመንገድ ወጥታችሁ ፒ ላይ አድርጉና፣ የሞተሩ ሙቀት መርፌ ደህና እስከሆነ ድረስ፣ ሞተሩን ሳታጠፉ አሳርፉት። ዘይቱ እየዞረ በማቀዝቀዣው ውስጥ ያልፋል።

ከተደጋገመ የዘይቱን መጠንና እድሜ፣ የራዲያተሩን ንጽሕናና ፋኑን አስፈትሹ። ራዲያተር ፊት የተጋገረ አቧራና ነፍሳት ብቻውን ለዚህ ይበቃል።

ከቆመበት ሲነሳ ይንቀጠቀጣል። ካምቢዮው አለቀ ማለት ነው?

ላይሆን ይችላል። መጀመሪያ ከካምቢዮው ውጭ ያለውን አጣሩ፦ የሞተር ሳፖርት፣ ካንዴላ፣ የቆሸሸ ትሮትል (የሞተሩ አየር ማስገቢያ)። አንድ ሲሊንደር የሚዘል ሞተር ፍጹም የካምቢዮ ንቅጥቃጤ ይመስላል። ቀጥሎ ዘይቱ።

እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ የተሠራው የመጀመሪያው ሆንዳ ፊት ላይ ይህ በጣም የታወቀ ነው። እነዚህ መኪኖች ለመነሻ የሚሆን ፍሪሲዮን ውስጣቸው አላቸው። ብዙዎቹ ትክክለኛው ዘይት ተቀይሮ የመነሻ ፍሪሲዮኑ ካሊብሬሽን ሲሠራላቸው ይለሰልሳሉ። ሁለቱም ተሠርቶ ካልተለወጠ ነው ስለመፍታት የሚወራው።

ባትሪ ፈትቼ ካሰርኩ በኋላ ባህሪው ተለወጠ። ካሊብሬሽን ያስፈልገዋል?

ለባትሪ ብቻ ከሆነ ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። ሞተሩ ሳይረገጥ፣ ኤሲ ጠፍቶ፣ እስኪሞቅ በቆመበት ይሥራ። ከዚያ በለሰለሰ አረጋገጥ፣ በየመሐሉ ቆም እያላችሁ ንዱት። ራሱን ያስተካክላል።

ካሊብሬሽን የግድ የሚሆነው የካምቢዮው ኮምፒውተር፣ የዘይቱን ግፊት የሚያከፋፍለው ቫልቭ ቦዲ ወይም ካምቢዮው ራሱ ሲቀየር ነው። ያኔ የግፊቱ፣ እንዲሁም መኪናው ዳገትና ቁልቁለትን የሚያውቅበት ሴንሰር ዜሮ ነጥብ እንደገና ይሠራል። መኪናው ፍጹም ሜዳ ላይ መቆም አለበት። ዘንበል ያለ ግቢ ውስጥ ዜሮ የተደረገ መኪና ሜዳውን ዳገት ነው ብሎ ያምናል፤ ያለምክንያት ዙር ከፍ አድርጎ ይይዛል። የብልሽት ኮድ ብቻ የሚያጠፋ ርካሽ ስካነር ይህን አይሠራም። ጋራዡን «ካሊብሬሽን የሚሠራ ስካነር አላችሁ?» ብላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

አሜሪካ ነው ያለሁት። ኒሳኔ ሲቪቲው ችግር አምጥቷል፤ ዋስትናው አልፏል ይሉኛል።

ሳታጣሩ ከኪሳችሁ አትክፈሉ። ኒሳን አሜሪካ ውስጥ ለሲቪቲ የሚሰጠውን ዋስትና ከአንድም ሁለት ጊዜ አራዝሟል። ለ2003–2010 ሞዴሎች እስከ 10 ዓመት ወይም 120,000 ማይል ነበር፤ የእነሱ አብቅቷል። ለኋለኞቹ ለአንዳንዶቹም በተለያየ ልክ ተራዝሟል። የሻሲ ቁጥራችሁን ይዛችሁ ለአከፋፋዩ ደውሉ። ሶፍትዌር ማደስ ብቻ የሚበቃበትም ጊዜ አለ።

ካምቢዮው ማለቁ ተረጋገጠ። ያገለገለ ልግዛ? ተገጥሞስ ለምን ይንገጫገጫል?

አገር ቤት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ ያለውን መኪና ማቆየት ለብዙ ሰው ምርጫ አይደለም፣ ግዴታ ነው። ስለዚህ ሱማሌ ተራ ሄዶ ያገለገለ ካምቢዮ መፈለግ ያለ ነገር ነው። ስትገዙ የኮዱ ፊደልና ቁጥር አንድ መሆኑን በዓይናችሁ አመሳክሩ። ውጭው መምሰሉ ምንም ማለት አይደለም። ማፍሻውን አስከፍታችሁ ዘይቱን አሽትቱ፤ የተቃጠለ ከሸተተ አትግዙት። ማቀዝቀዣውን ሳታጥቡ ወይም ሳትቀይሩ አዲሱን አትግጠሙ። የአሮጌው ስንጣሪ እዚያ ተቀምጦ ይጠብቃል።

ተገጥሞ የሚንገጫገጭበት ዋናው ምክንያት ቁጥሩ ስላልተስማማ ነው። እያንዳንዱ ሲቪቲ ከፋብሪካ ሲወጣ የራሱ የግፊት ልክ ይለካል። በብዙ ኒሳኖችና የጃፓኑ ካምቢዮ አምራች ጃትኮ በሠራቸው ካምቢዮዎች ላይ ይህ ቁጥር ከቫልቭ ቦዲው ጋር የተያያዘ ነው። የመኪናችሁ ኮምፒውተር ግን የሚያስታውሰው የአሮጌውን ካምቢዮ ቁጥር ነው። ስለዚህ የድሮው ተሰርዞ የአዲሱ መጻፍ አለበት። ይህ ሳይሠራ የሚነዳ ደህና ካምቢዮ በተሳሳተ ግፊት ቺንጊያውን ያንሸራትታል።

ቁጥሩን ለማግኘት ሻጩን ካምቢዮው የተፈታበትን መኪና ኮምፒውተር ወይም ካምቢዮው ላይ ያለውን መለያ ጠይቁት። ተለጥፎ የመጣ ወረቀት ካለ አትቅደዱት፣ አትጣሉትም። አሮጌውን ካምቢዮም ካሊብሬሽኑ ተሠርቶ፣ ዳገት ወጥታችሁ ወርዳችሁ እስክታረጋግጡ ድረስ ለማንም አትስጡ። መካኒኩ ቫልቭ ቦዲውን ከእሱ አውጥቶ ወደ አዲሱ ማዛወር ሊኖርበት ይችላል።